የጭን ላይ የሽጉጥ አፎት፦ ቁልፉ ሽጉጡን ይይዛል፣ አፎቱንስ ማን ይይዘዋል?

ወንድሜ፣ የጠየቁት ጥይት መከላከያ ሰደርያ ለብሶ በአጀብ ሥራ ላይ ለተሰማራ ሰው፣ ሲሮጥ የማይወድቅና ሌላ ሰው በቀላሉ መንጭቆ ሊወስደው የማይችል የጭን ላይ የሽጉጥ አፎት የትኛው እንደሆነ ነው። እኔም በዚሁ ሥራ ላይ የቆየሁ ስለሆንኩ፣ እርስዎም እንደ እኔ መኪና ውስጥ ረጅም ሰዓት ተቀምጠው በድንገት የሚወርዱ፣ የሚሮጡና ተመልሰው የሚገቡ ሰው እንደሆኑ ቆጥሬ እመልስልዎታለሁ። ሰደርያ የማይለብሱ ከሆነ ግን ገንዘብዎን አያባክኑ፤ ወገብ ላይ የሚታጠቁት አፎት በሁሉም ነገር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ለንደን በሚገኘው የኢራን ኤምባሲ የታገቱትን ሰዎች ያስለቀቁት የብሪታንያ የኤስኤኤስ ኮማንዶዎች ሽጉጣቸውን ጭናቸው ላይ የታጠቁት ለማማር አልነበረም፤ ወገባቸውን ሰደርያና ሌላ ትጥቅ ስለያዘው ነው። ለዚህ ዓይነቱ አፎት ዛሬም ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላውቅም።

አንደኛ፣ «ለሁሉም ዓይነት ሽጉጥ ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠውን የናይለን አፎት በነጻ ቢሰጥዎትም አይታጠቁት። ለሁሉም እንዲሆን ሲባል ሰፍቶ የተሰፋ ስለሆነ አንዱንም ሽጉጥ አጥብቆ አይይዝም፤ ሽጉጡን የሚያስቀረው ከላይ የሚያልፈው ባለ ቬልክሮ ወይም ባለ ቁልፍ ማሰሪያ ብቻ ነው። ከዚህ የባሰው ችግር ደግሞ ሽጉጡ ሲወጣ የአፎቱ አፍ መተኛቱ ነው። መልሰው ለመክተት በግራ እጅዎ አፉን መክፈት ይኖርብዎታል፣ በዚያች ቅጽበት አፈሙዙ የሚያየው የገዛ ጣትዎን ነው። የላላው ማሰሪያም ወደ ውስጥ ታጥፎ ምላጩ ላይ ሊያርፍና ሽጉጡን ሲገፉት ሊያስባርቅ ይችላል። ስለዚህ በሽጉጥዎ ልክ የተቀረጸ፣ አፉ የማይተኛ ጠንካራ ፕላስቲክ ይግዙ። አንድ ቤተሰብ የሆኑ ሽጉጦች መጠነኛ መቀያየር እንደሚቻልባቸው አውቃለሁ፤ ለምሳሌ በርሜሉ 114 ሚሊሜትር ለሆነው ግሎክ 17 የተሠራ አፎት 102 ሚሊሜትር የሆነውን ግሎክ 19 በአብዛኛው ይቀበላል። ነገር ግን ይህ የአምራቹ ጽሑፍ በግልጽ ሲፈቅድ ብቻ እንጂ «ገባ እኮ» ተብሎ የሚወሰን ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቁልፉ በአውራ ጣት የሚለቀቅ ይሁን። በሌባ ጣት ተጭነው የሚከፍቱት ዓይነት አለ፤ ሲገዙት ቀላል ይመስላል፣ ሲለማመዱትም ፈጣን ነው። ጉዳቱ የሚታየው ሰው ሲደነግጥ ነው፤ ቁልፉን የተጫነው ሌባ ጣት ሽጉጡ ሲወጣ መጫኑን ሳያቆም ወደ ውስጥ ይንሸራተትና በቀጥታ ምላጩ ላይ ያርፋል። በዚህ ምክንያት ጥይት ባርቆባቸው የገዛ ጭናቸውን የመቱ ሰዎች ስላሉ በርካታ የተኩስ ማሠልጠኛዎች ይህን ዓይነት አፎት ታጥቆ መግባትን ከልክለዋል። አውራ ጣት ግን ከምላጩ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ እጀታውን ሲጨብጡ በተፈጥሮው ከሚያርፍበት ቦታ ላይ ሆኖ ይከፍታል። የቀለህ መውጫውን ቀዳዳ ይዞ የሚቆልፍና በአውራ ጣት የሚለቀቅ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ወደታች ተጭነው ወደፊት የሚያዞሩት ቆብ ያለው አፎት ካገኙ ስለ ቁልፍ ሌላ የሚፈልጉት ነገር አይኖርም።

ሦስተኛው አፎቱን ራሱን የሚይዘው ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ስደርስ የደረሰብኝን ሳልነግርዎ ማለፍ አልችልም። የንብረት ክፍላችን የናይለኑን አፎቶች ሰብስቦ ከላይ የገለጽኩትን ዓይነት ባለ ሁለት ቁልፍ ጠንካራ አፎት አደለን። አፎቱ ራሱ እንከን አልነበረበትም። አንድ ቀን ከመኪና ስወርድ የመቀመጫው ቀበቶ ከእጀታዬ ሥር ተጠላለፈና ጎተተኝ፤ ወዲያው አስፋልቱ ላይ የሚከብድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሽጉጤ አፎቱ ውስጥ እንደተቆለፈ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሁለቱም ቁልፎች ሥራቸውን አላቋረጡም። የተለያዩት አፎቱና በብሎን የሚታሰርበት፣ ጭኔ ላይ የቀረው ሰሌዳ ነበሩ። ሰሌዳውን ፈትቼ ስመለከተው ከሦስቱ የብሎን ቀዳዳዎች አንዱ በደረቀ አቧራ ተደፍኗል፣ ማለትም እዚያ ብሎን ከነበረ ቆይቷል፤ የቀሩት ሁለት ቀዳዳዎች ደግሞ ብሎኑ ላልቶ ሲንቀሳቀስባቸው ክብነታቸው ጠፍቶ ሞላላ ሆነዋል። ይህን አስቀድሞ ማየት የሚቻል አልነበረም፤ ብሎኖቹ ያሉት በሰሌዳው ጀርባ፣ በተለጠፈ ስፖንጅ ሥር ነው፣ ስፖንጁን መንቀል ደግሞ በንብረት ክፍሉ ደንብ የተከለከለ ነበር።

አፎቱን ከነሰሌዳው ይዤ ወደ ንብረት ክፍል ሄድኩ። በዕድሜ የልጄ እኩያ የሚሆነው ኃላፊ ከሚጽፍበት ወረቀት ቀና ሳይል «ሽጉጡ ከአፎቱ ወጥቷል ወይስ አልወጣም?» ብሎ ጠየቀኝ። አልወጣም አልኩት። «እንግዲያው አፎቱ ጤነኛ ነው፣ ሦስተኛ ደረጃ ቁልፍ ያለው ዕቃ ነው የሰጠንህ፤ ያበላሸኸው አንተ ነህ» አለና ንብረትን በአግባቡ አልያዘም የሚል ማስታወሻ ጻፈብኝ። የአፎቱ ዋጋ ከደመወዜ ተቆረጠ። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ፣ አንተ እያለ ያናገረኝን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

የሚያሳዝነው ኃላፊው የጠቀሰው «ደረጃ» ራሱ በእሱ ላይ የሚመሰክር መሆኑ ነው። የደረጃውን ነገር ያመጣው የቀድሞ የኤፍቢአይ ባልደረባና የአፎት ሠሪ የነበረው ቢል ሮጀርስ ነው። የእሱ ፈተና ቀላል ነው፤ አንድ ሰው እጀታውን ጨብጦ ባለ በሌለ ኃይሉ በየአቅጣጫው ለ5 ሰከንድ ይጎትታል። ሽጉጡ ካልወጣ፣ አፎቱም ከታጣቂው አካል ካልተለየ የመጀመሪያውን ደረጃ አለፈ ይባላል። ለሁለተኛው ደረጃ አንዱ ቁልፍ ይከፈትና ፈተናው እንደገና ይደገማል፣ ለሦስተኛውም እንዲሁ። አፎቱ ከአካል አለመለየቱ የፈተናው ግማሽ ነው ማለት ነው። ዛሬ ግን አንዳንድ ሻጮች በአፎቱ ላይ ያሉትን ቁልፎች ብቻ ቆጥረው የደረጃውን ቁጥር ይለጥፉበታል፤ ቀበቶውን፣ ማንጠልጠያውን፣ ሰሌዳውንና ብሎኑን የሚጠይቃቸው የለም። እርስዎ ይጠይቁ።

ብሎኖቹን በተመለከተ የማደርገውን ልንገርዎ። አዲስ አፎት እጄ እንደገባ በሰሌዳው ጀርባ ያለውን ስፖንጅ ነቅዬ አስቀረዋለሁ፣ ካቻቢቴ ይዤም ብሎኖቹን ሁሉ አንድ በአንድ እፈታለሁ፣ ቅባቱን አጸዳለሁ፣ ከዚያም በብረቱ ጥርስ ላይ ብቻ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ አድርጌ መልሼ አጠብቃለሁ። ቀዩን ማጣበቂያ አይጠቀሙ፤ እሱን ለማላቀቅ ብርቱ ሙቀት ያስፈልጋል፣ ሙቀት ደግሞ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ሰማያዊውም ቢሆን ወደ ፕላስቲኩ እንዳይፈስ ይጠንቀቁ፣ አንዳንዱን ፕላስቲክ ያሰነጥቃልና። ሲደርቅ ከብሎኑ ራስ ተነሥቶ ሰሌዳው ላይ የሚያልፍ ቀጭን ነጭ መስመር በቀለም አሰምራለሁ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው፤ ይህን ለማየት ካቻቢቴም ሆነ ባለሙያ አያስፈልግም። የቡድን መሪያችን ይህን አይቶ ሁላችንም እንድናደርገው አዘዘ፣ ከዚያም ያው የንብረት ክፍል የራሱ ሐሳብ አስመስሎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። ስሜ አልተጠቀሰም፤ መስመሩ ግን የእኔ ነው።

ወደ ማንጠልጠያው እንምጣ። አፎቱን ከቀበቶ ጋር የሚያገናኘው ማንጠልጠያ ሰፊ፣ ቢቻል ቀበቶውን በሁለት ቦታ የሚይዝ መሆን አለበት፤ ጠባብ የሆነ እንደሆነ አፎቱ ጭን ላይ እየዞረ ወደ ኋላ ይሄዳል። የማንጠልጠያው ቀዳዳና የቀበቶው ስፋት እኩል ይሁኑ። ለ50 ሚሊሜትር የተሠራ ማንጠልጠያ በ38 ሚሊሜትር ቀበቶ ላይ ሲገባ ቀኑን ሙሉ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፣ እጅዎም ሽጉጡን ሁልጊዜ በሌላ ቦታ ይፈልገዋል። ቀበቶው ራሱ የማይተጣጠፍ፣ ድርብ መሆን አለበት። ሙሉ ካዝና የገባበት ሽጉጥ ከአፎቱ ጋር ከአንድ ኪሎ ግራም ሊያልፍ ይችላል፤ ይህን ክብደት በሱሪ ቀበቶ አንጠልጥሎ መሮጥ ሱሪንም ወገብንም ያስቀይማል።

አፎቱን ዝቅ አድርጎ ጉልበት አጠገብ ማንጠልጠል በፊልም ያምራል እንጂ ለሥራ አይሆንም። ዝቅ ባለ ቁጥር ሲሮጡ እንደ ቃጭል ይወዛወዛል፣ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ከዳሌዎ ጋር አብሮ ይሄዳል። ትክክለኛው ቦታ እጀታው ከሰደርያዎ የታችኛው ጠርዝ ለጥቂት የሚያልፍበት ነው፤ ከዚያ በታች አንዲት ጣት እንኳ አይጨምሩ። የጭን ማሰሪያውን በተመለከተ ብዙ ሰው ሁለት ከአንድ ይሻላል ብሎ ያስባል፤ እኔ ግን አንድ ሰፊ ማሰሪያ ከጭኑ የላይኛው ክፍል ላይ ሲሆን እመርጣለሁ። ታችኛው ማሰሪያ ከጉልበት በላይ ያለውን ጡንቻ ይዞ ስለሚቆይ ሰው ሲቀመጥ ይጠብቃል፣ ሲቆም ይላላል፣ በመጨረሻም ወደታች ይወርድና አፎቱን አብሮ ይጎትተዋል። ማሰሪያው ላስቲክ ያለው፣ በውስጠኛው በኩል እንዳይንሸራተት የጎማ መስመር የተሰፋበት ይሁን። ዘለበቱም ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ውጭ ጎን ይዙር፣ ካልሆነ የመኪና መሪ ሥር ሲገቡና ሲወጡ እየተጫነ ይከፈታል።

ሽጉጥዎ ላይ ባትሪ መብራት ካለ አፎቱ የሚመረጠው በሽጉጡም በመብራቱም ስም ነው። እንዲህ ያለው አፎት ብዙውን ጊዜ የሚጨብጠው መብራቱን ስለሆነ መብራቱን ያወለቁ ዕለት ሽጉጡ ውስጡ ይንቀጠቀጣል፤ በምላጩ ዙሪያም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሊፈጠር ይችላል። መብራት ከሌለዎት ለመብራት የተሠራውን «ለወደፊት ይሆነኛል» ብለው አይግዙ።

ከመታጠቅዎ በፊት ይፈትኑት። ካዝናውን ያውጡ፣ ሽጉጡን አቀባብለው የጎረሰ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ። ከዚያ ሰደርያዎን ለብሰው ደረጃ በሩጫ ይውጡና ይውረዱ፣ በአንድ ጉልበት ይንበርከኩ፣ ይተኙና ይንከባለሉ፣ መኪና ውስጥ ገብተው የመቀመጫውን ቀበቶ አስረው ይውረዱ። በመጨረሻም ጉልበተኛ የሆነ የሥራ ባልደረባዎ እጀታውን ጨብጦ ወደላይ፣ ወደፊት፣ ወደኋላና ወደ ውጭ ይጎትት። በዚህ ጊዜ ሁሉም ሰው ሽጉጡን ያያል፤ እርስዎ ግን ሰሌዳውንና ማንጠልጠያውን ይመልከቱ። ሰሌዳው ከጭንዎ ሲነሣ በመካከሉ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ከታየ ማሰሪያው ላልቷል ወይም ሰሌዳው ለጭንዎ ጠፍጣፋ ነው። ሲጨርሱ ነጩን መስመር ይመልከቱ።

ሲያዝዙ የሽጉጡን ሙሉ ስምና የበርሜሉን ርዝመት፣ የመብራቱን ስም፣ የቀበቶዎን ስፋት በሚሊሜትርና የጭንዎን ዙሪያ ቆመውም ተቀምጠውም ለክተው ይጻፉ። ግራኝ ከሆኑ ይህንኑ በመጀመሪያው መስመር ላይ ያስፍሩ፤ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ገልብጦ መጠቀም ይቻላል የሚልዎት ሻጭ ካለ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።