«ቆዩ፣ ካሜራው አልተዘጋጀም»

ውድ ልጆቼ፣

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ የአደን መሪ ለመሆን ትማራላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ካሜራ ተሸክማችሁ አዳኝን ልትከተሉ ተዋውላችኋል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመጀመሪያው ሥራ ነው። ጉልበቴ ዳገት እምቢ ሲለኝ ከፊልም አቀናባሪዎች ጎን ተቀምጬ «ይህ የየትኛው እንስሳ ዱካ ነው?» ሲሉኝ መመለስ ያዝኩ። በዚህ ምክንያት አንዳንዱን አደን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ በሜዳ፣ አንድ ጊዜ በስክሪን። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም።

ከአንድ ምሽት ልጀምር። ጎሹ ስድሳ እርምጃ ያህል ርቆ ጎኑን ሰጥቶን ቆሟል። ነፋሱ ፊታችንን ይመታል፤ ጠረናችን አልደረሰውም። ደንበኛዬ ጠመንጃውን ድጋፉ ላይ አሳርፎ ትንፋሹን ሰብስቧል። ጥይት በትከሻው ገብቶ ልብና ሳንባ የሚያገኝበት አቋቋም ነበር፤ እንዲህ ያለውን አንድ መሪ በወር አንዴ ቢያገኝ ዕድለኛ ነው። ያን ጊዜ ከኋላዬ ካሜራ የያዘው ልጅ «ቆዩ፣ ካሜራው አልተዘጋጀም» ብሎ አንሾካሾከ። ቅጠል ሌንሱን ጋርዶበታል። በጉልበቱ ወደ ግራ ተንፏቀቀ። ደንበኛው ጣቱን ከምላጩ አነሣ። ጎሹ ምን እንደ ነገረው እንጃ፣ ቀና አለ፤ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ዞረና ዳሌውን ወደ እኛ፣ ትከሻውን ወደ ጫካው አደረገ።

«አሁን!» አለ ልጁ። ተተኮሰ።

እኔ ዝም ብያለሁ። «አይተኩሱ» የምትል አንዲት ቃል ለመናገር ጊዜ ነበረኝ፤ አልተናገርኳትም።

ደሙን ያገኘነው ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄደን ነው። የሳንባ ደም ፈካ ያለ ቀይና አረፋማ ነው፤ ያንን ስታዩ እንስሳው ሩቅ እንደማይሄድ ታውቃላችሁ። የእኛው ጠቆር ያለ ነበር፤ የታኘከ ሣርም ተቀላቅሎበታል። ዱካ አንባቢያችን በጣቱ ነክቶ አሸተተና ለእኔ ብቻ አሳየኝ። ጨጓራው የተመታ እንስሳ ወዲያው ከተከተሉት ይሸሻል፤ ካልተከተሉት ደግሞ ሥቃዩን ይዞ ያድራል። ጨለመ፤ ተመለስን። ያገኘነው በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ነው። በራሱ ዱካ ላይ ዞሮ ጥሻ ውስጥ ይጠብቀን ነበር። ዱካ አንባቢው ቀድሞ ባያየው ኖሮ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ይጽፍላችሁ ነበር።

ከወራት በኋላ ፊልሙን አየሁት። ከተኩሱ እስከ ፎቶግራፉ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ሌሊቱ የለም። የታኘከው ሣር የለም። ሙዚቃው ከፍ ሲል የደንበኛው እጅ ቀንዱ ላይ ያርፋል።

ልጁን አልወቅሰውም፤ የተቀጠረው ምስል ሊያመጣ ነው። ደንበኛውም «አሁን» ሲባል ተኮሰ። መሪው ግን እኔ ነበርኩ።

ፍትሐዊ አደን የሚባለውን ነገር ለፈተና ስትዘጋጁ በቃል ይዛችሁት ይሆናል። ሐሳቡን ካስፋፉት መካከል ቴዎዶር ሩዝቬልትና ጆርጅ ግሪኔል እ.ኤ.አ. በ1887 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የመሠረቱት ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ ዋነኛው ነው። ባጭሩ፣ እንስሳው ዱር አዳሪና ነፃ ይሁን፣ አደኑ ሕግን የተከተለ ይሁን፣ አዳኙም ተገቢ ያልሆነ ብልጫ አይውሰድ ይላል። አስቸጋሪዋ ቃል «ተገቢ ያልሆነ» የምትለዋ ናት። ጠመንጃ ራሱ ብልጫ አይደለም ወይ? ነው እንጂ። አቅራቢ መነጽርም፣ ዱካ የሚያነብ ሰው መቅጠርም ብልጫ ነው። እኔ ለራሴ የያዝኩት መለኪያ አንድ ነው፦ ይህ እንስሳ በአፍንጫው፣ በጆሮውና በዓይኑ ተጠቅሞ ሊያመልጠኝ ይችል ነበር? ካልቻለ የተደረገው እርድ ነው። እርድ ነውር የለበትም። ነውሩ እርድን አደን ብሎ መሸጥ ነው።

ሩዝቬልትን ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ የሚያውቀውን ታሪክ ልጨርስላችሁ። በ1902 ኖቬምበር ላይ፣ ያን ጊዜ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ውስጥ ድብ ሊያድኑ ወጡ። መሪያቸው ሆልት ኮሊየር ነበር፤ በባርነት የተወለደ፣ በድብ አደን ስሙ የገነነ ሰው። ውሾቹ ድቡን ሲያስጨንቁት ፕሬዚዳንቱ በቦታው አልነበሩም። ኮሊየር ድቡን በጠመንጃው ጭንቅላቱን መትቶ ካደከመው በኋላ ዛፍ ላይ አስሮ ጠበቃቸው። ሩዝቬልት መጥተው አዩና አልተኩስም አሉ። ወሬው በጋዜጣ ካርቱን ወጣ፤ ቴዲ ቤር የሚባለው የልጆች አሻንጉሊትም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያወራዋል። ድቡ ግን አልተለቀቀም። ክፉኛ ተጎድቶ ስለ ነበር ከሥቃዩ እንዲገላገል ፕሬዚዳንቱ አዘዙ፤ በቢላ ተገደለ።

ሰዎች ይህን ሲሰሙ ስለ ሩዝቬልት ይከራከራሉ። የእኔ ልብ የሚሄደው ወደ ኮሊየር ነው። ዕድሜውን በዱር ያሳለፈ ሰው የታሰረ ድብ መተኮስ አደን አለመሆኑ ጠፍቶት ነው? አይመስለኝም። እንግዳው ባዶ እጁን እንዳይመለስ ተጨንቆ ነው። ይህን ጭንቀት አውቀዋለሁ። ደንበኛው ከሩቅ መጥቷል፣ የቀረው ሁለት ቀን ነው፣ የምታገኙት ጉርሻም ሆነ የሚቀጥለው ደንበኛ በግዳዩ ላይ የተንጠለጠለ ይመስላችኋል። ያን ጊዜ እጃችሁ ገመድ ይፈልጋል። ከ1902 ወዲህ የተለወጠው ገመዱ ብቻ ነው። አንዳንዱ ዛሬ በሰማይ ይበርራል፤ አንዳንዱ ዛፍ ላይ ታስሮ የእንስሳውን ምስል በየደቂቃው ወደ ስልካችሁ ይልካል።

አንዳንድ ቦታ ይህን ገመድ በሕግ ቆርጠውታል። አላስካ ውስጥ በትንሽ አውሮፕላን ሲበርር የዋለ ሰው አብዛኛዎቹን ትልልቅ የዱር እንስሳት እስከ ማግሥቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ መተኮስ አይፈቀድለትም። ይህን ደንብ የጻፈው ሰው አደን ያውቃል፤ ለእንስሳው አንድ ሌሊት ሰጠው። ከአየር የታየው እንስሳ በዚያ ሌሊት ሸንተረር ተሻግሮ ሊያድር ይችላል። አሪዞናም ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በራሳቸው የሚያነሡ ካሜራዎችን ለአደን መጠቀምን ከልክላለች። ውኃ በሌለበት ምድር እንስሳው የሚጠጣበትን ኩሬ በካሜራ መክበብ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። መሪ ግን ሕግ እስኪወጣ አይጠብቅም፤ መሣሪያው ከሕጉ ሁልጊዜ ይቀድማል።

ስለ አጥር ብዙ አልልም። ቡን ኤንድ ክሮኬት ሊያመልጥ በማይችልበት አጥር ውስጥ የተገደለን እንስሳ ትልልቅ ግዳዮችን በሚጽፍበት መዝገቡ አይቀበልም። በደቡብ አፍሪካም መንግሥት ያቋቋመው ቡድን በ2021 ይፋ በሆነው ሪፖርቱ፣ በአብላጫ ድምፅ፣ አንበሳን በግዞት አርብቶ ማሳደን እንዲቆም መክሯል። ለካሜራ ልጆች የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አጥር በፊልም አይታይም። ሌንሱን ትንሽ ወደ ቀኝ ብታዞሩት የሚገባው ሽቦ፣ ስላላዞራችሁት የሌለ ይመስላል። ያን ጊዜ ዋሽታችኋል፤ አንድም የውሸት ቃል ግን ከአፋችሁ አልወጣም።

ፈቃዱ ካለና ደንቡ ከተጠበቀ ምን ቀረ የሚሉ ደንበኞች ይገጥሟችኋል። ሴሲል የተባለውን አንበሳ አስታውሱ። በ2015 ጁላይ መጀመሪያ ላይ፣ ዚምባብዌ ውስጥ፣ ከሁዋንጌ ብሔራዊ ፓርክ ወሰን ወጣ ብሎ፣ በሌሊት በቀስት ተመታ፤ የሞተው ከብዙ ሰዓታት በኋላ ነው። ተመራማሪዎች የሚከታተሉት፣ አንገቱ ላይ የጂፒኤስ ቀለበት ያለበት አንበሳ ነበር። በመሪው ላይ የቀረበው ክስ በ2016 በፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ። ፍርድ ቤት የሚመዝነው ሕግ መጣስ አለመጣሱን ነው። ከፍርድ ቤቱ ውጭ የነበረው ሰው ግን ሲያስብ የከረመው በቀስቱና በሞቱ መካከል ያሉትን ሰዓታት ነው። እኔም ወሬውን ስሰማ የታወሰኝ የራሴ ጎሽ ነው።

አሁን ወደ ካሜራው ልመለስ። ብዙ ሰው ካሜራ አደንን ያቀልላል ይላል፤ ተሳስቷል። ካሜራ አደንን ያከብዳል። አንድ ሰው ሲጨመር ድምፅ ይጨመራል፣ ጠረን ይጨመራል፣ ብርሃንን የሚያንጸባርቅ መስተዋት ይጨመራል። ለአዳኙ ከሚበቃው አንድ ክፍተት ይልቅ ለሁለት የሚበቃ ክፍተት ያስፈልጋል። ንጋትና ምሽት፣ እንስሳው በሚወጣበት ሰዓት፣ ለምስል የሚሆን ብርሃን ያንሳል። ክፋቱ የሚመጣው ከዚህ ክብደት ነው፤ ሥራው ሲከብድ የፊልሙ ባለቤት እንስሳውን ማቅለል ይፈልጋል። የለመደ እንስሳ፣ በማማለያ የመጣ እንስሳ፣ መኪና የማይሸሽ እንስሳ። «ብርሃኑ ሳያልቅ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ጆሯችሁን አቁሙ።

ስለዚህ ነገሩን ከመውጣታችሁ በፊት በነበረው ማታ ጨርሱት። ተኩስ የሚፈቅደው አንድ ሰው ይሁን፤ እሱም መሪው። ካሜራ የያዘው «ቆዩ» አይልም፤ «አሁን»ም አይልም። ከደረሰ ይቀርጻል፤ ካልደረሰ አልደረሰም። ይህን በደንበኛው ፊት፣ በፊልሙ ባለቤት ፊት፣ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ካልተስማሙ በዚያው ማታ ሥራውን ብትተዉት ይሻላል። ሜዳ ላይ ለመጨቃጨቅ ጊዜ የለም፤ እኔ ያጣሁት ቃል የጠፋኝ ማታውኑ ስላልተናገርኳት ነው።

ከግዳይ በኋላ ጣት ምላጭ ላይ ሲያርፍ፣ ፊት ሲያነጣጥር እንደገና መቅረጽ የተለመደ ነው። በዚህ አልጣላም፤ እጅ የዚያው ሰው እጅ ነው። የሌላ ቀን እንስሳ አምጥቶ የዛሬ ማስመሰል፣ ሦስተኛውን ጥይት የመጀመሪያ ማድረግ ግን ሌላ ነው። የሳታችሁትን አሳዩ። ደም ተከትላችሁ ያደራችሁትን አሳዩ። ፊልሙን ያየው ጎረምሳ ነገ ጠመንጃ ይዞ ይወጣል፤ ከሁሉም ጥይት በኋላ የሚመጣው ፎቶግራፍ ብቻ ነው ብሎ ካመነ፣ እንስሳውን አቁስሎ በአሥራ አንድ ሰከንድ ፍለጋውን ይተዋል። (ግዳይ ላይ ተቀምጦ መሣቅንም ተዉልኝ። ይህ የሽማግሌ ቁጣ ነው፤ ምክንያት አትጠይቁኝ።)

ያ የካሜራ ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ከእኔ ጋር ወጣ። ጢም አብቅሏል። ማታውኑ የተባባልነውን ተባባልን። አምስት ቀን ሙሉ የተከተልነው አንድ አሮጌ አጋዘን በስድስተኛው ቀን ጥዋት ከጥሻው ወጥቶ ጎኑን ሰጠን። ለደንበኛዬ ራሴን ነቀነቅኩለት። በዚያች ቅጽበት ዞር ስል ልጁ ክፉ ቦታ ላይ ነበር፤ ግማሽ ፊቱ ቅርንጫፍ ውስጥ ገብቷል። ከንፈሩን ነክሶ ዝም አለ። ተተኮሰ፤ አጋዘኑ አርባ እርምጃ ሮጦ ወደቀ።

የፊልሙ ባለቤት ተቆጥቶ ሁለት ቀን አላናገረንም። ያን ቀረጻ ቅጂውን ለምኜ ወስጃለሁ፤ አሁንም ቤቴ አለ። የሚታየው ቅጠል ብቻ ነው፤ ጠርዙ በነፋስ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ አንድ ጥይት ይሰማል፤ ቀጥሎም በጣም ዝቅ ብሎ፣ ልጁ የያዘውን ትንፋሽ ሲለቅቅ።