ከሩዝ ማሳ ጭቃ ስለሚመጣ በሽታ፦ ለአንድ የፎገራ አርሶ አደር የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ በፎገራ ወረዳ ሩዝ አመርታለሁ፤ ጥቂት ፍየሎችም አሉኝ። በእስያ የሩዝ ማሳ አፈር ውስጥ ሰው የሚገድል ባክቴሪያ እንዳለ በሬዲዮ ሰማሁ። እኛም ክረምቱን በባዶ እግራችን ውኃ ውስጥ ቆመን ነው የምናርመው። ነገሩ እኛንም ይመለከታል? ሩዙን መብላትስ ያሰጋል? ደግሞም አንዲት ፍየሌ ከጆሮዋ ሥር እብጠት አውጥታለችና ከዚሁ ይሆን ብዬ ሰጋሁ።

መልስ፦ የሰሙት በሽታ ሜሊኦይዶሲስ ይባላል። አምጪው ቡርክሆልዴሪያ ሱዶማላይ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን መኖሪያው እርጥብ አፈርና የረጋ ውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ዊትሞርና ክሪሽናስዋሚ የተባሉ ሐኪሞች በበርማዋ ራንጉን ከተማ ካገኟቸው ሕሙማን ተነሥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጹት። ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድና በሰሜን አውስትራሊያ ነው። ወደ ሰውነት የሚገባውም በቁስል ወይም በተሰነጠቀ ቆዳ፣ ያልተጣራ ውኃ በመጠጣት፣ አልፎ አልፎም ኃይለኛ ዝናብና ነፋስ ባለበት ጊዜ በትንፋሽ ነው። ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ እጅግ ብርቅ ነው። በደንብ የተቀቀለ ሩዝም ስለማያስተላልፈው በምግቡ በኩል ሥጋት አይግባዎ።

እኛን ይመለከታል ወይ ላሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት በዓለም ላይ በየዓመቱ 165,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚያዙና 89,000 ያህሉ እንደሚሞቱ ገምቷል። በሽታው መኖሩ ከታወቀባቸው 45 አገሮች ሌላ፣ ሪፖርት አድርገው የማያውቁ 34 አገሮችም ሳይኖርባቸው እንደማይቀር አመልክቷል፤ በአፍሪካ የሚገኙም አሉበት። ይህ ግን ከአየር ጠባይ፣ ከአፈርና ከሌሎች መረጃዎች የተሰላ ግምት እንጂ በየማሳው አፈር ተቆፍሮ የተገኘ ውጤት አይደለም። ስለዚህ በእኔ እምነት ከሩዝ ሥራዎ የሚያርቅዎ ምክንያት የለም፤ የአሠራርዎን ሁኔታ ለመፈተሽ ግን በቂ ምክንያት አለ።

አፈሩን በተመለከተ ለእኛ ለግብርና ሰዎች ደስ የሚል ጥናት በምሥራቅ ታይላንድ ተሠርቷል። ተመራማሪዎቹ ከ61 የሩዝ ማሳዎች፣ ከእያንዳንዱ 100 ናሙና፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ቆፍረው ወሰዱ። ባክቴሪያው የተገኘባቸው ማሳዎች ፎስፈረስና ካልሲየምን የመሰሉ ንጥረ ነገሮች ያነሱባቸው፣ ለምነታቸው የተሟጠጠ ሆነው ተገኙ። ሁለቱ ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ለማለት ስለማያበቃ፣ ኮምፖስት የሚጨምር ገበሬ ከበሽታው ይድናል ብዬ አልነግርዎም። ኮምፖስት ይጨምሩ የምለው ለምርትዎ ሲሉ ነው።

ዋናው ጥንቃቄ ያለው እግርዎና እጅዎ ላይ ነው። ሩዝ በሐምሌና በነሐሴ ሲታረም የቅጠሉ ጠርዝ ክንድን ይሸረክታል፤ ተረከዝ በውኃ ርሶ በደረቁ ሰዓት ይሰነጠቃል፤ ማጭድም ጣት ይቆርጣል። ለዚህ የሚመከረው እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦቲ ነው። ሆኖም የፎገራ ዋልካ ቦቲውን ውጦ ባዶ እግር እንደሚያስቀር እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ኮንጎ ጫማ ደግሞ ጭቃውን አስገብቶ ከቁስሉ ጋር አብሮ ያውላል እንጂ አይከላከልም። ስለዚህ ቦቲው በሚያስኬድበት ማሳ ያድርጉት፤ በማያስኬድበት ደግሞ ቁስል ያለበት ሰው በዚያ ቀን ውኃ ውስጥ እንዳይገባ፣ ደረቅ መሬት ላይ ያለውን ሥራ እንዲይዝ ያድርጉ። ከማሳ እንደወጡ በቦይ ውኃ መታጠብ አይበቃም፤ ከቤት በመጣ ንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ። የሚጠጡትን የጉድጓድ ውኃ ያፍሉ። በቤትዎ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ካለ አረሙን ለሌላ ይተው፤ ይህ በሽታ ከማንም ይልቅ የስኳር ሕሙማንን አጥብቆ ይይዛልና። የኩላሊት ሕመም ያለበትና አረቄ የሚያበዛም እንዲሁ ይጠንቀቅ።

ከማሳ ሥራ በኋላ ትኩሳት፣ ሳል ወይም መግል የያዘ እብጠት የመጣበት ሰው ከመድኃኒት መደብር አሞክሳሲሊን ገዝቶ አይዋጥ። ይህ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን፣ አምፒሲሊንን፣ በአብዛኛውም ጄንታማይሲንን ይቋቋማል። መልኩም ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ስለሚመሳሰል ሐኪም ሊሳሳት ይችላል። የሚረጋገጠው ደም ወይም መግል በላቦራቶሪ ሲራባ ነው። ሕክምናው ቢያንስ 10 ቀን በደም ሥር የሚሰጥ ሴፍታዚዲም ወይም ሜሮፔኔም፣ ከዚያም ቢያንስ ሦስት ወር የሚዋጥ ኮትሪሞክሳዞል ነው። ስለሆነም ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «በሩዝ ጭቃ ውስጥ እሠራለሁ» ብለው በመጀመሪያ ይንገሩ።

ከአፈር የሚነሣ ገዳይ በሽታ ካስፈራዎ ግን አባ ሰንጋን ያስቀድሙ። የእርሱ ዘር (ባክቴሪያው ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የሚቆይበት መልክ፣ ስፖር) በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ ጎርፍም ከተቀበረበት ሊያወጣው ይችላል፤ የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው ሲፈስሱ ሜዳው እንዴት እንደሚሆን ያውቃሉ። በድንገት የሞተ፣ የተነፋ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወጣው ከብት አይታረድ፣ ቆዳው አይገፈፍ፤ ሬሳው ሲከፈትና አየር ሲያገኝ ነው ባክቴሪያው ወደ ዘር የሚለወጠው። ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስታውቀው ያቃጥሉት ወይም ከጎርፍ ርቆ በጥልቅ ይቅበሩት። ክትባቱ በየዓመቱ ይሰጣል።

ወደ ፍየልዎ ስመለስ፣ ፍየልና በግ በሜሊኦይዶሲስ በቀላሉ ይያዛሉ፤ ከብት ግን የተሻለ ይቋቋመዋል። ይሁን እንጂ ከጆሮ ሥርና ከመንጋጋ አጠገብ የሚወጣ፣ ወፍራም መግል የሚይዝ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ባክቴሪያ ሥራ ሲሆን፣ እርሱም በመግሉ በኩል ወደ መንጋው ይዛመታል። በዓይን አይቶ መለየት ስለማይቻል በምላጭ አይብጡት። ፍየሏን ለብቻዋ ይሰሯት፤ ወተቷን ካላፈሉ አይጠጡ። የወረዳው ባለሙያ ጓንት አድርጎ ከመግሉ ናሙና ይውሰድ፤ ናሙናውም ባሕር ዳር ወደሚገኘው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ይላክ። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ወደ ገበያ አያውጧት።