ለተራራ አደን ቀላል ጠብመንጃ፦ ለባሕር ዳሩ ጠያቂ

6.5 ክሪድሙር የሚባለውን ጥይት የሚተኩሰውን ጠብመንጃ ያዝ። አሜሪካ፣ ሞንታና ወንድምህ ጋ ሄደህ አጋዘን ለማደን እሱ ይሻላል ወይስ 300 ዊን ማግ የሚባለው ኃይለኛ ጥይት ብለሃል፤ ለአጋዘን 6.5ቱ ከበቂ በላይ ነው። ቲካ ቲ3ኤክስ ላይት የሚባለው ጠብመንጃ 2.9 ኪሎ ገደማ ነው። ከባድ ስኮፕ (የማነጣጠሪያ መነጽር) ጭነህ ቅለቱን አታጥፋው።

300ው በቀላል ጠብመንጃ ትከሻ ይደቃል። ሰው ምቱን ሲፈራ ቃታ እየሳበ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጥይቱም ገደል ይገባል።

አንድ ነገር ግን፦ የእነዚህ ቀላል ጠብመንጃዎች አፈሙዝ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይግላል። እኔ ስኮፕ ሳስተካክል ሦስት ተኩሼ በእጄ እነካዋለሁ። ካቃጠለኝ፣ እስኪበርድ ቁጭ ነው። በጋለ አፈሙዝ ማስተካከል ጥይት መጨረስ ነው።

እስክትሄድ እግርህ ለተራራው እንዲጠነክር ቦርሳህን ሞልተህ የቤዛዊትን ኮረብታ ውጣ ውረድ። በጎብኚ ቪዛ ከሆነ የምትሄደው ደግሞ የአደን ፈቃድህን ሳትይዝ መሣሪያ እንዳትነካ።