የአየርላንዱ ምንጅላት ፍለጋ ከሜልበርን ይጀምር

እህቴ፣ የባለቤትሽ ምንጅላት ፓትሪክ ራያን በ1850ዎቹ ከአየርላንዱ ቲፐራሪ አውራጃ ወደ ቪክቶሪያ ቅኝ ግዛት (ዋና ከተማዋ ሜልበርን ወደሆነችው የአውስትራሊያ ክፍል) መምጣቱን እንጂ መንደሩን እንደማታውቂ፣ በአየርላንድ የልደት መዝገብም ፈልገሽ እንዳጣሽው ጽፈሻል። ማጣትሽ አይገርምም። በዚያ አገር መንግሥት የካቶሊኮችን ልደት መመዝገብ የጀመረው በ1864 ነው (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ሰውየው አውስትራሊያ ከገባ ቆይቷል። ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎችም አብዛኞቹ በ1922 በደብሊኑ ቤተ መዛግብት ቃጠሎ ወድመዋል። ቀጥለው የመጡትን አራት ቆጠራዎች ደግሞ መንግሥት ራሱ አስወገዳቸው፤ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ስለዚህ አየርላንድን ለጊዜው ተዪና የሞት ምስክር ወረቀቱን ከቪክቶሪያ አውጪ። ቅኝ ግዛቲቱ ከሐምሌ 1853 ጀምሮ ሞትን ስትመዘግብ ብዙ ነገር ትጠይቅ ነበር፤ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ የአባቱን ሥራ፣ የትውልድ ቦታውን፣ በቅኝ ግዛቶቹ የኖረበትን ዘመን፣ የትና በስንት ዓመቱ እንዳገባ፣ የልጆቹን ስም ከነዕድሜያቸው። ነገር ግን መልሱን የሰጠው ሟቹ አይደለም። ቃሉን የሰጠው ማን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ተጽፏልና እሱን አስቀድመሽ እዪ። ሚስት ከሆነች እመኚ፤ አማች ወይም ጎረቤት ከሆነ ተጠራጠሪ።

እኔም የአየርላንድ ዘር ካለው ቤተሰብ ነው ያገባሁት። የባለቤቴ ቅድመ አያት ወረቀት ስለ ትውልድ ቦታው «አየርላንድ» ብሎ አለፈ። አጥቢያውን ያገኘነው ከእህቱ የሞት ወረቀት ነው። እነዚያ ሰዎች አንዱ ሌላውን እየሳበ ስለሚመጡ የወንድም፣ የእህት፣ የሠርግ ምስክር መዝገብ ሁሉ ይጠቅማል። የመርከብ መዝገብ ላይ ብዙ ተስፋ አትጣይ፤ በራሱ ገንዘብ የተሳፈረ ሰው ከስሙና ከዕድሜው ሌላ ብዙም አልተጻፈለትም። ይልቅ ትሮቭ በሚባለው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የድሮ ጋዜጦችን ፈትሺ፤ በነጻ ነው። የጠፋ ዘመድ የሚያፈላልጉ ማስታወቂያዎች አንዳንዴ መንደሩን ጭምር ይጠራሉ።

አጥቢያውን ሳትይዙ ወደ አየርላንድ መዛግብት መሻገር ግን ከንቱ ድካም ነው። አየርላንድ ከ60,000 በላይ ታውንላንድ የሚባሉ ትናንሽ የገጠር ይዞታዎች አሏት፤ ቲፐራሪ ውስጥ ራያን መፈለግ ደግሞ መርካቶ መሐል ቆሞ አበበ ብሎ እንደ መጣራት ነው። አጥቢያው ከታወቀ የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የካቶሊክ የጥምቀት መዛግብትን ፎቶ በነጻ አስቀምጧል። ብዙዎቹ በላቲን ስለተጻፉ ፓትሪክን «ፓትሪሺየስ» ሆኖ ታገኚዋለሽ። ዕድሜውንም አጥብቀሽ አትያዢ፤ አምስት ዓመት ወደፊትም ወደኋላም ፈልጊ። ከብዙ ፓትሪኮች የእናንተውን የሚለየው የእናቱ የትውልድ ቤተሰብ ስም (ከማግባቷ በፊት የነበራት) ነው፤ እሱም ያለው እዚያው የሞት ወረቀቱ ላይ ነው። ከዚያ ከ1847 እስከ 1864 የወጣው የግሪፊዝ የመሬት ግምት መዝገብ አባትየው የትኛውን መሬት ተከራይቶ ያርስ እንደነበር ሊያሳይሽ ይችላል።

ወረቀቱ እጅሽ ሲገባ የቃል ሰጪውን ዝምድናና የእናቱን ስም ጻፊልን፤ ጥምቀቱን አብረን እንፈልጋለን።