ከምላጩ በፊት ያለው አንድ ሰዓት

ልጆቼ፤

ደሴ፣ ወልዲያ፣ አቀስታ ወይም ከሚሴ ቀዶ ጥገና ክፍል አዲስ የገባችሁ ነርሶች፣ የማደንዘዣ ባለሙያዎች፣ ኢንተርኖችና ፋርማሲስቶች፣ ይህችን የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት መርፌ ነው። ከኦፕራሲዮን በፊት የምትሰጠው የመከላከያ አንቲባዮቲክ ቻርት ላይ ብዙ ጊዜ «ተሰጥቷል» ተብላ ትታለፋለች። መጠየቅ ያለበት ግን ስንት ሰዓት ላይ እንደተሰጠች ነው።

ምላጩ ቆዳን ሲከፍት ጀርም ይገባል፤ ከታካሚው ቆዳ፣ ከአንጀቱ፣ ከእጃችን። ቆዳውን የቱንም ያህል ብናጥበው በፀጉር ሥር የተደበቀው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። መድኃኒቱ የሚጠቅመው ጀርሙ ሲደርስ ሥጋው ውስጥ ቀድሞ ሲጠብቀው ነው። ጆን በርክ የተባለ አሜሪካዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም በ1961 እ.ኤ.አ. ይህን በጊኒ ፒግ ቆዳ ላይ አሳይቶታል፤ ከጀርሙ ቀድሞ የተሰጠው መድኃኒት ቁስሉን ጠበቀ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ዘግይቶ የተሰጠው ግን ካልተሰጠው አልተሻለም። በ1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩታ ውስጥ 2,847 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ከምላጩ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ውስጥ መርፌውን ካገኙት ቁስላቸው ያመረቀዘው 0.6 በመቶ ሲሆኑ፣ ከዚያ ቀድመው ከወሰዱት 3.8 በመቶ፣ ከምላጩ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከተሰጣቸው ደግሞ 3.3 በመቶ ነበሩ። ቁስሉ ከተሰፋ በኋላ ውስጡ የረጋ ደምና የሞተ ሥጋ አለ፤ እዚያ ደም አይዘዋወርም፣ ደም የማይደርስበት ቦታ ደግሞ መድኃኒትም አይደርስም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

መጠኑን እንያዝ። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው አንቲባዮቲክ ሴፋዞሊን ለአዋቂ 2 ግራም በደም ሥር ይሰጣል፤ ክብደቱ 120 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው 3 ግራም፤ ለሕፃን በኪሎ 30 ሚሊ ግራም። እያንዳንዱ 1 ግራም በ10 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውኃ ተሟሙቶ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቀስ ተብሎ ይገፋል። ይህ ሁሉ ምላጩ ከመነሳቱ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ሥራው ረዝሞ 4 ሰዓት ከሞላ፣ ወይም ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ደም ከፈሰሰ ይደገማል። አራቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከመርፌው ነው እንጂ ከምላጩ አይደለም፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ትልቁ አንጀት ወይም ትርፍ አንጀት የሚነካ ከሆነ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም ይጨመራል። እሱ በ30 ደቂቃ ገደማ የሚንጠባጠብ ስለሆነ ቀደም ብሎ ይጀመራል። የእጅ ወይም የእግር ኦፕራሲዮን ከሆነ ደግሞ ቱርኒኬው (ደም እንዳያልፍ እጅ ወይም እግር ላይ ታስሮ የሚነፋው ማሰሪያ) ከመነፋቱ በፊት መድኃኒቱ ገብቶ ማለቅ አለበት፤ ከተነፋ በኋላ የሰጣችሁት ወደዚያ እጅና እግር አይወርድም።

በእኛ አገር ሴፋዞሊን ሲጠፋ እጃችን የሚሄደው ሴፍትሪያክሶን ወደተባለው ሌላ አንቲባዮቲክ ነው። እውነት ለመናገር ሴፋዞሊን እያለም ወደዚያው ይሄዳል። ሴፍትሪያክሶን ስታፊሎኮከስ የተባለውን የቆዳ ጀርም በመግደል ከሴፋዞሊን አይበልጥም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በጥንቃቄ መያዝ አለባቸው ብሎ ከለያቸው መድኃኒቶች መድቦታል። የግድ ከሆነባችሁ ሁለት ነገር አትርሱ። ሪንገር ላክቴት የተባለው ግሉኮስ መሰል የደም ሥር ፈሳሽ ካልሲየም ስላለው ከሴፍትሪያክሶን ጋር በአንድ መስመር ከተገናኘ ዝቃጭ ይሠራል፤ ሪንገሩን አቁሙና መስመሩን በኖርማል ሳላይን እጠቡት። ለጡንቻ ተብሎ በሊዶኬይን የተሟሟ ሴፍትሪያክሶን ደግሞ ፈጽሞ በደም ሥር አይሰጥም።

አሁን ነገሩ የሚበላሽበትን ልንገራችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዋርድ ውስጥ ነርሷ በኦርደሩ መሠረት መርፌውን ትሰጣለች። ታካሚው ተራ ይጠብቃል፣ መብራት ይጠፋል፣ ድንገተኛ ይገባበታል፣ ምላጩ የሚነሳው 5 ሰዓት ላይ ነው። ሴፋዞሊን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ በዚያን ጊዜ ደሙ ውስጥ የቀረው ሩብ ያህል ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ከታካሚው ጋር ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ይምጣ፣ እዚያው የማደንዘዣ ባለሙያው ይስጠው፣ ሰዓቱንም በደቂቃው ይጻፍ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀዶ ጥገና ደህንነት መጠይቅ «ባለፉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ ተሰጥቷል?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ ቀና ሳንል «አዎ» እንላለን። እናንተ ጥያቄውን ለውጡት፦ «ስንት ሰዓት ላይ?» በሉ። ቁጥር መናገር ያለበት ሰው ቻርቱን ሳያይ አይመልስም።

በኦፕራሲዮን ለምትወልድ እናት ድሮ እትብቱ እስኪታሰር ይጠበቅ ነበር፤ መድኃኒቱ ወደ ሕፃኑ እንዳይሄድ ተብሎ። አሁን የተያዘው አሠራር ከምላጩ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ መስጠት ነው፤ አምፒሲሊን ወይም ሴፋዞሊን። ድንገተኛ ከሆነ ኦፕራሲዮኑ እንደተወሰነ፣ ካኑላው (የደም ሥር ቱቦው) እንደገባ ስጡ። እኔ ከስፓይናሉ፣ ማለትም ከጀርባው የማደንዘዣ መርፌ፣ በፊት ቢሰጥ እመርጣለሁ። ስፓይናል የደም ግፊት ያወርዳል፣ የመድኃኒት አለርጂም ያወርዳል፤ ሁለቱ ከተደራረቡ የትኛው መሆኑን መለየት ያስቸግራል። አድሬናሊን አጠገባችሁ ይሁን፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ታፋ ጡንቻ ላይ።

ቀጥሎ ያለው ማቆም ነው፤ ከመጀመሩ ይልቅ የሚከብደውም እሱ ነው። ንጹሕ ሥራ ተሠርቶ፣ ቁስሉ ተዘግቶ፣ ታካሚው «ለጥንቃቄ» ተብሎ አምስት ቀን ሴፍትሪያክሶን ከሜትሮኒዳዞል ጋር ይሰጠዋል፤ ሲወጣ ደግሞ ኪኒን ይያዝለታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ መከላከያው እንዳይቀጥል መክሯል። መቀጠሉ ቁስሉን አይጠብቅም፤ ጀርሙን ግን መድኃኒቱን ያስለምደዋል፣ ተቅማጥ ያመጣል፣ የገበሬውን ኪስ ያራቁታል። ያው ብልቃጥ ነገ ማጅራት ገትር ለያዘው ሕፃን ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። ደጋው ላይ ለሚበዛው እንቅርት፣ ሥራው ንጹሕ ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም።

ሕክምናን ከመከላከያ ግን አታምታቱ። ትርፍ አንጀቱ የፈነዳ ወይም አንጀቱ ታጥፎ የጠቆረ ሰው ኢንፌክሽኑ ቀድሞ ውስጡ አለ፤ ለእሱ የምትሰጡት ሕክምና ነው። እሱም ምንጩ ከተወገደ በኋላ በአብዛኛው ከ4 እስከ 5 ቀን ይበቃዋል።

አሁን አንቲባዮቲክ የማይሸፍነውን አንድ ነገር ላንሳ፤ ከፍታችንን። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ መሣሪያ መቀቀልን እንደ ማምከን አትቁጠሩት። መሣሪያ በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነው ማሽን፣ አውቶክሌቭም፣ ያው ጣጣ አለበት። በባሕር ጠለል ላይ የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ነው። ደሴ ላይ ግን የውጭው አየር ግፊት በሩብ ያህል ስለሚያንስ በዚያው 15 ላይ የምታገኙት 116 ወይም 117 ዲግሪ ነው። 121 ለመድረስ መለኪያው ወደ 19 ማለት አለበት። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ልዩነቱ ያንሳል፤ ወደ ደላንታ ስትወጡ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን እመኑ፣ በጨርቅ ለተጠቀለለ ዕቃ 121 ላይ 30 ደቂቃ ቁጠሩ፣ የማሽኑን የግፊት ጣሪያ ግን አትለፉ። ጣሪያው ካልፈቀደ ጊዜው ከሁለት እጥፍ በላይ ይርዘም፤ ባዮሜዲካል ባለሙያውም ይየው። ቀለሙ የሚቀየረው ቴፕ ዕቃው እንፋሎት ማግኘቱን እንጂ መምከኑን አይናገርም። እርጥብ ሆኖ የወጣ ጥቅልም እንደ ንጹሕ አይቆጠርም፤ እርጥበቱ ጀርሙን በጨርቁ በኩል ስቦ ያስገባዋል።

ሌሎቹን ላሳጥር። በዋዜማው በምላጭ መላጨት ይቅር፤ ፀጉሩ የግድ የሚያስቸግር ከሆነ በዕለቱ በመቁረጫ ይቆረጥ። አዮዲኑ ወይም አልኮሉ ሳይደርቅ ምላጭ አይነሳ፤ አልኮል ከሆነ ኮተሪው (ደም የሚያቆመው የኤሌክትሪክ መተኮሻ) እሳት ያስነሳበታል። የደሴ ጠዋት ብርድ ነው፤ ታካሚውን በስስ አንሶላ ኮሪደር ላይ አታቁዩት። የሰውነቱ ሙቀት ከ36 ዲግሪ ሲወርድ የቆዳው ደም ሥሮች ይኮማተራሉ፣ በሰዓቱ የሰጣችሁት መድኃኒትም ቁስሉ ጋ በደንብ አይደርስም። የደም ስኳሩም ከ200 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ይያዝ።

ቁስል ብዙውን ጊዜ የሚያመረቅዘው ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ቀን በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ትኩሳት ሲመጣ ሳንባውን፣ ሽንቱን፣ ከቆላ ለመጣ ደግሞ ወባውን መርምሩ እንጂ አንቲባዮቲክ አትቀያይሩ። ነገር ግን ቁስሉን ግለጡና እዩት፤ ሕመሙ ከመጠን ያለፈ፣ ቆዳው የጠቆረ ወይም ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ያንኑ ሰዓት ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው። ተራው የመግል ቁስል መድኃኒቱ ስፌቱን ከፍቶ ማፍሰስና በሳላይን ማጠብ ነው። አንቲባዮቲክ የሚጨመረው መቅላቱ ከስፌቱ ጠርዝ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሰፋ፣ ሙቀቱ ከ38.5 ሲያልፍ፣ ወይም የልብ ምቱ ከ110 በላይ ሲሆን ነው።

ቁስሉ የሚያመረቅዝበት ጊዜ ሲደርስ ታካሚው መቅደላ ወይም ወረኢሉ ቤቱ ገብቷል። ክትትሉ 30 ቀን ነው፤ ብረት ወይም መረብ ከገባለት 90። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት የእሱን ብቻ ሳይሆን የልጁን ወይም የጎረቤቱንም ስልክ ያዙ። በሰባተኛው፣ በአሥራ አራተኛውና በሠላሳኛው ቀን ደውላችሁ ፈሳሽ አለው ወይ፣ ሽታ አለው ወይ፣ ሕመሙ ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ወሎዬዎች ሰው ሲጨነቅብን «አብሽር» ማለት ይቀናናል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ቁስሉ ፈሳሽ አለው ላላችሁ ሰው «አብሽር» ብላችሁ በስልክ አሞክሳሲሊን አትዘዙለት። መምጣት ከቻለ ይምጣ። መንገዱ ካስቸገረ በአቅራቢያው ላለው ጤና ጣቢያ ደውሉና የኦፕራሲዮኑን ዓይነት፣ ቀኑን፣ የተሰጠውን መድኃኒትና የትኛው ስፌት ቀድሞ መከፈት እንዳለበት እዚያ ላለው ነርስ ንገሩት።