ለድፍርስ ውሃ የቱን ቀለም ልያዝ? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ወንድሜ ዳላስ ነው ያለው፣ እዚያ ባስ የሚባል ዓሣ ማጥመድ ለምዶ ሌላ ወሬ የለውም። ለገና መጥቶ አንድ ከረጢት ሙሉ መንጠቆ ላይ የሚሰካ የጎማ ትል ጥሎልኝ ሄደ። ሚያዝያ ላይ እሱ ጋ ስሄድ አብረን ልናጠምድ ነው፣ «እስከዚያ ምረጥ» ብሎኛል። ምኑን ልምረጥ! ጥቁር አለ፣ ወይን ጠጅ አለ፣ ሐብሐብ የሚመስል አረንጓዴ አለ፣ ነጭ አለ፣ ብልጭልጭ የተነሰነሰበት አለ፣ ጥቁር ሆኖ ጭራው ብቻ ቢጫ የሆነም አለ። እነሱ ጋ በዚያ ሰሞን ዝናብ ስለሚበዛ ሐይቁ ድፍርስ ነው ይላል። የቱን ልያዝ? ለመሆኑ ዓሣ ቀለም ይለያል እንዴ?

መልስ፦ የድሬ ልጅ ስለሆንክ «አንቱ» እያልኩ አላደክምህም። ይለያል፣ ግን እኛ የምንለየውን ያህል አይደለም። ጥቁሩንና ጭራው ቢጫ የሆነውን ያዝ። በጣም የጠቆረ ወይን ጠጅ ካለ ጨምርበት። ለመለኪያ አንድ ነጭ ያዝና ሌላውን እዚሁ ተወው። ምክንያቱን ግን ማወቅ አለብህ፣ አለበለዚያ ወንድምህ ውሃው ዳር ሌላ ሣጥን ይከፍትና ግራ ያጋባሃል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የአሜሪካው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። አፈ ሰፊውን ባስ አንድን ቀለም ከምግብ ጋር እያያዙ አሰለጠኑትና ሌሎች ቀለሞች ሲቀርቡለት የቱን እንደሚመታ አዩ። እኛ ቀለም የምንለይባቸው ሦስት ዓይነት የዓይን ሴሎች አሉን፣ ባስ ሁለት ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ ወደ አረንጓዴ፣ ሌላው ወደ ቀይ ያደላል። ስለዚህ ቀይና አረንጓዴን ጥሩ አድርጎ ይለያል። ጥቁርንና ጥቁር ሰማያዊን ግን ያምታታል። ነጭንና ያንን የትራፊክ ፖሊስ ሰደርያ የሚመስለውን የሚያበራ ቢጫም እንደዚሁ። እና ወንድምህ «ሰማያዊ ያለበት ጥቁር ነው እንጂ ጥቁር ብቻውን አይሆንም» ብሎ ድርቅ ካለ አትከራከረው፣ ሳቅ ብለህ እለፈው። የዚያ ሁሉ ቀለም ግማሹ የተሠራው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ለሚመርጠው ሰው ዓይን ነው።

አሁን ወደ ድፍርሱ እንምጣ። በጠራ ውሃ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀይ ብርሃን ነው፣ ሰማያዊው ርቆ ይወርዳል። ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል የበዛበት ውሃ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰማያዊው ቶሎ ይዋጣል፣ የሚተርፈው ወደ ቢጫና ቀይ የሚያደላው ነው። እሱም ቢሆን ሩቅ አይሄድም፣ ደለሉ ብርሃኑን ስለሚበትነው ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። ስለዚህ የሚያዋጣህ ከኋላው ካለው ውሃ ጋር የማይመሳሰል ነገር ነው፤ ወይ ድቅድቅ ያለ ጥቁር፣ ወይ ዓይን የሚወጋ ደማቅ። ሐብሐብ አረንጓዴው ለጠራ ውሃ የተሠራ ነው፣ ሥራው መመሳሰል ነው፣ ድፍርስ ውስጥ ገብቶ ከተመሳሰለ ማን ያየዋል? ብልጭልጩም ብርሃን ካልደረሰው አያብለጨልጭም።

ካላመንክ ቤትህ ሞክረው። አፉ ሰፊ የሆነ የመስታወት ዕቃ ውሃ ሙላና ደቻቱ ወንዝ ዳር ከሚገኘው ደቃቅ አፈር ትንሽ ጨምረህ በጥብጠው (አሸዋውን ተወው፣ ወዲያው ይዘቅጣል)። አረንጓዴውን፣ ጥቁሩንና ባለ ቢጫ ጭራውን በክር አንጠልጥለህ አውርዳቸው። ዕቃውን መስኮት ላይ አድርገህ ከጎን እየው። አፈሩን ትንሽ ትንሽ እየጨመርክ ስትሄድ አረንጓዴው ቀድሞ ይጠፋል፤ የጥቁሩ ቅርጽ ግን ወደ ውጭው ብርሃን ስታየው ይቆይልሃል፣ ዞረህ ብርሃኑ ከጀርባህ ሲሆን ደግሞ ቢጫዋ ጭራ ለብቻዋ ስትወዛወዝ ታያታለህ። የአንተ ዓይን የባስ ዓይን አይደለም፣ ልክ ነው። ባስ ግን ብዙ ጊዜ የሚበላውን ከታች ወደ ላይ፣ በሰማዩ ብርሃን ላይ ነው የሚያየው፣ ለዚያ የጥቁሩ ቅርጽ ይበቃዋል።

ሐይቁ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ከመወርወራችሁ በፊት ነጭ ትል ክር ላይ እሰርና ከዳር አውርደው። ስንዝር ተኩል ያህል ማለትም 30 ሴንቲ ሳይሞላ ከጠፋብህ ጥቁሩን እሰር፣ ክርክር የለም። ከዚያ ወርዶ እስከ ሜትር ግድም ከታየ ወይን ጠጁም ቀዩም ይሠራል። ከሜትር በላይ እያየኸው ከወረደ ውሃው ድፍርስ አይደለም፣ ከወንድምህ አረንጓዴ ተበደር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው ቀለም ላይ ብቻ ተጠምዶ ይቀራል። ባስ ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው በጎኑ የሚሄድ መስመር አለው፣ የውሃ ንቅናቄ የሚሰማው በሱ ነው። ማየት ሲያቅተው በዚህ ይመራል። ስለዚህ ለድፍርስ ውሃ ቀጭኗን ትል ሳይሆን ወፍራሙን፣ ጭራው የሚንቀጠቀጠውን ወይም እንደ ሸርጣን መቆንጠጫ ያለውን ምረጥ። ቀስ ብለህ ጎትት፣ ቶሎ ካለፈ አያገኘውም። አንድ ቦታ ላይ ደጋግመህ ጣልለት። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ባስ ብዙ ጊዜ ጥልቀት በሌለው ዳር፣ ከግንድና ከሣር ሥር ተጠግቶ ነው የሚቆመው፣ ወደ መሃል ሃምሳ ሜትር መወርወር ጉራ ነው።

ፈቃድ እንዳትረሳ፤ ቴክሳስ ለጎብኚም የሚሸጥ አለ። በአብዛኛው ሐይቅ በቀን ከ5 ባስ በላይ አይያዝም፣ ከ14 ኢንች (35 ሴንቲ ግድም) ያነሰውን ትመልሰዋለህ። አንዳንዱ ሐይቅ የራሱ ሕግ ስላለው የምትሄዱበትን ወንድምህ አስቀድሞ ይይ።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነው የምጽፈው። ልጄ ሐረማያ ሐይቅ እየሄደ ዓሣ ያጠምዳል። አጎቱ ከውጭ የጎማ ትል ከላከለት ወዲህ በሱ ካልሆነ አላጠምድም ብሎ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። ውሃው እንደሚያውቁት ድፍርስ ነው። ቀለም ይቀይር ወይ?

መልስ፦ እናቴ፣ ቀለሙ ምንም አላጠፋም። ያ ትል የተሠራው ለሌላ ዓሣ ነው። ባስ የሰሜን አሜሪካ ነው፤ ለእኛ ቀረብ የሚለው ኬንያ፣ ናይቫሻ ሐይቅ ያለው ነው፣ እሱንም በእንግሊዝ ዘመን፣ በ1920ዎቹ አምጥተው ነው የጨመሩት። ባስ አዳኝ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ ይመታል። እኛ ጋ ያለው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ግን ዋና ምግቡ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር ነው፣ አውራ ጣት የሚያህል ጎማ ለማን ብሎ ይውጣል? አምባዛ ደግሞ ሥጋም ትልም ይበላል፣ ነገር ግን ድፍርስ ውሃ ውስጥ ዓይኑን ትቶ በጺሙና በማሽተት ነው የሚፈልገው፣ ጎማ ደግሞ የሚበላ ነገር አይሸትም።

ለአምባዛ እውነተኛ ትል ይቆፍር ወይም የዶሮ ጉበትና አንጀት ይያዝ፣ ታች መሬቱ ላይ ያሳርፈው፣ ወደ ማታ ገደማ ይሻላል። ለቆሮሶ ትንሽ መንጠቆ ላይ ድብልብል ሊጥ። ጎማውን እጥላለሁ ካለ አይከልክሉት፣ የልጅ ነገር ነው። ብቻውን ግን አይላኩት፣ የሐይቅ ዳር ጭቃ አይታመንም። በ1990ዎቹ ደርቆ የቀረ መስሎን የነበረው ሐይቅ ተመልሶ ልጆች ዓሣ ሊያጠምዱበት በመብቃቱ፣ ባዶ እጁንም ቢመጣ ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነኝ። የጎማ ትሎቼን በአንድ የምሳ ዕቃ ውስጥ ቀላቅዬ አስቀምጬ ነበር። ነጩ ግራጫ ሆነ፣ አንዳንዱ ተጣብቆ ቀረ። ይጸዳል?

መልስ፦ አይጸዳም። ቀለሙ ላዩ ላይ አይደለም፣ ጎማው ውስጥ ገብቷል። እነዚህ ነገሮች የሚለሰልሱት በውስጣቸው ባለው ዘይት መሰል ነገር ነው፣ የጥቁሩ ቀለም በሱ እየተሻገረ አጠገቡ ያለውን ይበክላል፣ የድሬ ሙቀት ደግሞ ያፈጥነዋል። የተጣበቁት ምናልባት ከተለያየ ዓይነት ጎማ የተሠሩ ናቸው፣ አንዳንዱ ዓይነት ሌላውን ሲነካ ያቀልጠዋል፣ አንዳንዱ የፕላስቲክ ሣጥንም ሳይቀር አብሮ ይቀልጣል። ግራጫ የሆኑትን አትጣላቸው፣ ለጎማ ትል ተብሎ የሚሸጠው ማቅለሚያ ከተገኘ ጭራቸውን ደማቅ ቢጫ ንከረው፣ ለድፍርስ ውሃ ያገለግላሉ። የቀሩትን ቀለም በቀለም ለይተህ በመጡበት ላስቲክ መልሳቸው፣ አልጋ ሥር ጥላ ቦታ አስቀምጣቸው። ባጃጅ ውስጥ መስታወቱ ሥር ረስተሃቸው ከዋልክ ግን አዲስ ግዛ።