የኮምፒውተር ኬዝ ውስጥ ስንት ፋን ይበቃል? ከጎንደር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

«ኮምፒውተሬ ይግላል» የምትሉ ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ መዓት ጥያቄ መጣ። ዴስክቶፕ ስገጣጥምና ስፈታ ዓመታት ስለተቆጠሩ የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ። አብዛኛው የጠየቀው ስለ ፋን (ማራገቢያ) ብዛት ነው። እኔ ግን የኬዙን፣ ማለትም የማሽኑን ሳጥን፣ ክዳን ስከፍት መጀመሪያ የማየው አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ነው።

ጥያቄ፦ ኬዜ ስድስት ፋን ይይዛል፣ ያለኝ ግን ሁለት ነው። ቀሪውን ካልሞላሁ ይቃጠልብኛል?

መልስ፦ አይቃጠልም ወንድሜ። ቀዳዳ አለ ተብሎ ፋን አይገዛም። ሁለት ከፊት የሚያስገቡ፣ አንድ ከኋላ የሚያስወጣ፤ ለአብዛኛው የቤት ማሽን ይኸው በቂ ነው። ለጊዜው አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ ግጠምና ሥራህን ሥራ። ሦስተኛውን ብር ሲገኝ ትጨምራለህ። ከዚያ በላይ ስትሄድ እያንዳንዱ ፋን የሚቀንስልህ ዲግሪ እያነሰ ይሄዳል፣ ጩኸቱ ግን አይቀንስም። ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ከሌለህ ገንዘቡን ሜሞሪ ላይ አውለው።

ጥያቄ፦ የትኛው ገጽ ወደ ውስጥ፣ የትኛው ወደ ውጭ እንደሚሆን እንዴት ነው የምለየው?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ የናቃት ሰው እኔ ነኝ፣ ዋጋዋንም ከፍያለሁ። የመጀመሪያ ማሽኔን ስገጥም የኋላውን ፋን ገልብጬ አሰርኩት። የፊቱ ያስገባል፣ የኋላውም ያስገባል፤ ሙቁ አየር መውጫ አጣ። ጨዋታ ከፍቼ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የኬዙ ጣሪያ እንደ ምጣድ ጋለ። ሦስት ቀን ሙሉ ፕሮሰሰሩን ስረግም፣ በእሱና በማቀዝቀዣው መካከል የሚገባውን ፔስት ስቀባና ስጠርግ ከረምኩ። በመጨረሻ ከኋላ በኩል እጄን ስዘረጋ ትንፋሽ የለም፣ እንዲያውም መዳፌን ወደ ውስጥ ይስበዋል። አራት ብሎን ፈትቼ አዞርኩት፣ አለቀ።

አሁን መለያው። ፋኑን እጅህ ላይ ያዘው። አንደኛው ገጽ ክፍት ነው፣ ምላጮቹ ፊት ለፊት ይታያሉ። ሌላኛው ገጽ ሞተሩን ደግፈው የያዙ የፕላስቲክ እግሮች አሉት። አየር በክፍቱ ገጽ ይገባል፣ በእግሮቹ በኩል ይወጣል። አንዳንዱ ፋን ጠርዙ ላይ ቀስት አለው፣ እሱን ማየት ነው። ከተጠራጠርክ ሶፍት ቅደድና ወደ ፍርግርጉ አስጠጋ። የሚያስገባ ከሆነ ሶፍቱ ይለጠፋል፣ የሚያስወጣ ከሆነ ይገፋል። ቡና በሚፈላበት ሰዓት ደግሞ የዕጣኑን ጭስ ተከታተል፣ የት እንደሚሳብ በዓይንህ ታየዋለህ። (ዕጣኑን ግን ኬዙ ውስጥ አታስገባ፣ እናትህም እኔም እንቆጣሃለን።)

ጥያቄ፦ የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። ጎንደር ያን ያህል ሞቃት አገር አይደለም፣ ታዲያ ማሽኔ ለምን ይህን ያህል ይግላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት ነገር አለ። ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ እንኳ እኛ ጋ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 አካባቢ ነው የሚፈላው። አየራችን ሳሳ ያለ ነው፤ ክብደቱ ከባህር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ሲዞር በሊትር የሚገፋው አየር ያው ነው፣ ሙቀት የሚሸከመው የአየሩ ክብደት ግን ያነሰ ነው። ስለዚህ ከውጭ አገር ቪዲዮ ላይ ያየሽውን ዲግሪ እዚህ አትጠብቂ፣ ትንሽ ከፍ ይላል።

ሁለተኛው ክፍሉ ነው። ፋን ኬዙን ከክፍሉ ሙቀት በታች ሊያወርደው አይችልም። ክፍሉ ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ከወጣ ፕሮሰሰሩም ወደ አሥር ዲግሪ ያህል አብሮ ይወጣል። የካቲትና መጋቢት ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ ኤክስፖርት ማድረግ (ያለቀውን ቪዲዮ ወደ ፋይል ማውጣት) ማለት ይኸው ነው። የጥር ሰርግ ተጠራቅሞብሽ ከሆነ ረጅሙን ሥራ ማታ ልቀቂው። ቁጥሩም አያስደንግጥሽ፦ ከባድ ሥራ ላይ 80 ዲግሪ ጤነኛ ነው። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ሲደርሱ፣ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ደግሞ 95 ላይ፣ ራሳቸውን ያዘገያሉ። ኤክስፖርቱ ድንገት ሲጎተት ካየሽ ያኔ ጠርጥሪ።

ጥያቄ፦ የፋኑ ገመድ ባለ 3 ፒን (ባለ 3 ሽቦ) ይሁን ወይስ ባለ 4 ፒን?

መልስ፦ ባለ 4። አራተኛው ሽቦ ፍጥነቱን የሚያዝ ምልክት ይዞ ይሄዳል፤ ባለ 3ቱ ግን የሚታዘዘው ቮልቴጁን ከፍና ዝቅ በማድረግ ብቻ ነው። ባለ 3 ፒን ፋን ባለ 4ቱ መሰኪያ ላይ ይገባል፣ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ዲሲ የሚለውን፣ ማለትም በቮልቴጅ የሚያዘውን፣ ካልመረጥክ ግን ሁልጊዜ በሙሉ ጉልበቱ ይጮሃል። ሁለት ሦስት ፋን በአንድ መሰኪያ ላይ በማከፋፈያ ገመድ ልታስር ከሆነ የየፋኑን ጀርባ አንብብ። እዚያ የተጻፈውን አምፔር ደምረው። የማዘርቦርዱ መሰኪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚችለው 1 አምፔር ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ያለው ፋን የተሻለ ያቀዘቅዛል?

መልስ፦ ዓይንህን።

ጥያቄ፦ አዘዞ መንገድ ዳር ሱቅ አለኝ። አቧራው ገደለን። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የሚያስገባው ከሚያስወጣው ይብለጥ። እንዲያ ሲሆን አየሩ በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይገፋል፣ አቧራውም የሚገባው በፊት በር ብቻ ይሆናል፤ በሩ ላይ ደግሞ ማጣሪያ አለ። የሚያስወጣው ከበለጠ ግን ኬዙ በእያንዳንዷ ቀዳዳ አቧራ ይምጋል። ማጣሪያ ከሌለው ያረጀ ስቶኪንግ ወጥረህ ለጥፍበት፣ ይሠራል። ትንሽ ያፍነዋል፣ ግን በእኛ ከተማ በጋ ላይ ያለ ማጣሪያ ከመዋል እሱ ይሻላል።

ባለፈው አንድ ማሽን ስከፍት የፕሮሰሰሩ ሂትሲንክ (ሙቀቱን የሚቀበለው ባለ ክንፍ ብረት) ላይ አቧራው ተጋግሮ ልክ እንደ ጋቢ ቁራጭ ሳይበጠስ በአንድ ላይ ተነሳ። ባለቤቱ አዲስ ፋን ሊገዛ ነበር የመጣው። ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት ለስላሳ ብሩሽ ጠርጌ መለስኩለት። አንተም በወር አንዴ ማጣሪያውን እጠብ፣ በደንብ ሳይደርቅ አትመልሰው። በብሎወር ስትነፋ ምላጩን በጣትህ ያዝ፤ ዝም ብለህ በንፋስ ካሽከረከርከው መሽከርከሪያው ይጎዳል።

ጥያቄ፦ 120 ወይስ 140 ሚሊ ሜትር? ሌሊት ነው የምሠራው፣ ቤተሰብ ይተኛል።

መልስ፦ ኬዝህ ከያዘልህ 140። ትልቁ ቀስ ብሎ እየዞረ ያንኑ አየር ይገፋል፣ ጩኸት የሚያመጣው ደግሞ ፍጥነቱ ነው። 120 ብቻ ከሆነ የሚገባው፣ እንደ አርክቲክ ፒ12 በደቂቃ ከ200 እስከ 1,800 ዙር የሚሄድ ባለ 4 ፒን ፈልግና ባዮስ ውስጥ ፍጥነቱን ዝቅ አድርገው። የኬዝህ ፊት ብዙ ቀዳዳ ያለው ወንፊት ከሆነ የትኛውም ፋን ይሠራል። መስታወት ወይም ወፍራም ማጣሪያ ከተጋረደበት ግን ግፊት ያለውን ምረጥ፤ ካርቶኑ ላይ ስታቲክ ፕሬዠር የሚለው ቁጥር ከፍ ያለውን።

ጥያቄ፦ ልጄ የገጠመልኝ ማሽን ይሞቃል። የጎን ክዳኑን ከፍቼ ነው የምጠቀመው፣ ጉዳት አለው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከፍተው መዋሉ ደግ አይደለም። አቧራ አለ፣ አይጥ አለች፣ የልጅ ልጅ ጣትም አለ። ግን ሳያውቁት ጥሩ ምርመራ አድርገዋል። ክዳኑ ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ይሥሩና ዲግሪውን ይጻፉ፤ ከዚያ ከፍተው ያንኑ ሥራ ይድገሙት። ከፍተውት አሥር ዲግሪ ያህል ከወረደ ኬዙ አየር አጥሮታል፣ ከፊት አንድ ፋን ይጨምሩ። ካልወረደ ችግሩ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሂትሲንክ ወይም የደረቀ ፔስት ነው። ፋኑን አይግዙ፣ ልጅዎን ይጥሩት።